ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለችው የእኛ ቤት



እኔና ባለቤቴ ባለፈው ወር ቅዳሜና እሁድን ሮም አሳልፈን መመለሳችንን ከፎቶው አይታችሁ «ቲቸር፣ ምን አያችሁ? ኮሎሲየሙን ብቻ እንዳትነግረን!» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እጨምርበታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ክፍል ውስጥ ሳስተምራችሁ ጣሊያን የሚባለው አገር ወደ ታሪካችን የሚገባው ሁለት ጊዜ ነበር። አንዴ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ፣ አንዴ ደግሞ በ1928 ዓ.ም. በወረራው ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ መሣሪያ ይዞ፣ ሁለቱንም ጊዜ እሱ ወደ እኛ መጥቶ። የመማሪያ መጽሐፉ እንደዚያ ነው የተጻፈው፤ ውሸት የለበትም። ግን የጎደለው ነገር አለ። ጣሊያን መድፍ ጭኖ ምጽዋ ከመድረሱ ከ400 ዓመት በላይ ቀድመን እኛ ሮም ነበርን። ሄድን እንጂ አልተወሰድንም። ስንሄድም በእጃችን የነበረው መቋሚያና ዳዊት ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ነው።

ባለቤቴ ግን በመጀመሪያ እሺ አላለችም። ልጃችን ቲኬቱን ቆርጣ ቪዛውን ካስጨረሰች በኋላ እንኳ ፊቷ አልፈታም። ምክንያት አላት። ቤተሰቦቿ የሰላሌ ሰዎች ናቸው። የአያቷ ወንድም ደብረ ሊባኖስ የሚያገለግል ወጣት ዲያቆን ነበር። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ከሌሎቹ ጋር በካሚዮን ተጭኖ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። አያቷ እስኪሞቱ ድረስ ፓስታ የሚባል ነገር ቤታቸው አልገባም። ልጆች ሲያስቸግሩ እንኳ «የገዳዩን ምግብ» ይሉ ነበር። እና ባለቤቴ «የሱን አገር ለማየት ነው ገንዘብ የምከፍለው?» አለችኝ።

የታሪክ አስተማሪ ሆኜ ብዙ ክርክር አውቃለሁ፤ ይሄን ግን በክርክር አላሸነፍኩም። ያሸነፈልኝ ከ450 ዓመት በላይ በፊት የሞተ፣ እሱም የደብረ ሊባኖስ ሰው የሆነ መነኩሴ ነው። ስሙ ተስፋ ጽዮን ይባላል። «ያንቺ ገዳም ሰው ሮም ውስጥ ተቀብሯል፤ ሄደን እንሳለመው» አልኳት። ዝም አለች። ሻንጣ ማዘጋጀት የጀመረችው በማግስቱ ነው።

ከገርጂ ቦሌ ኤርፖርት ምን ያህል ነው? ሌሊት መንገዱ ባዶ ሲሆን ሩብ ሰዓት አይሞላም። ማታ ቦሌ ተነስቶ ጠዋት ሮም ቁርስ ይበላል። አውሮፕላኑ ላይ ሆኜ የማስበው ግን እነዚያን መነኮሳት ነበር። ከሸዋና ከቤተ አምሐራ ተነስተው በእግርና በቅሎ፣ ከዚያ ከነጋዴ ቅፍለት ጋር ግብፅን አቋርጠው ኢየሩሳሌም፣ ከኢየሩሳሌም ደግሞ በመርከብ ጣሊያን። ወራት አይደለም፣ አንዳንዱ ዓመታት ይፈጅበታል። ስንቱ በመንገድ እንደቀረ ቁጥሩ አይታወቅም። የደረሱት ግን ቤት አገኙ።

ቤቱ

ቫቲካን ስትገቡ ሰው ሁሉ የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተክርስቲያን ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እኛም ተነስተናል። ከመግባታችሁ በፊት ግን መሐል ያለውን ትልቁን የነሐስ በር ልብ በሉት። ፊላሬቴ የሚባል ቀራጺ የሠራው ነው፤ በ1445 ነው ሥራው ያለቀው። ትልልቆቹን ምስሎች ትታችሁ በመካከላቸው ያሉትን ትናንሽ ቅርጾች ብታዩ፣ ለፍሎሬንስ ጉባኤ ከምሥራቅ የመጡ መልእክተኞች ተቀርጸውበታል። ከግብፅና ከኢትዮጵያ የመጡት መነኮሳት ከነዚያ መሐል ናቸው። በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳማችን አባ ኒቆዲሞስ የላካቸው፣ ዲያቆን ጴጥሮስ የሚመራቸው ልዑካን ጳጳሱ አውጌንዮስ 4ኛ ዘንድ ቀርበው ነበር። ጉባኤው አብያተ ክርስቲያናትን አንድ ለማድረግ የታሰበ ነው። የሃይማኖቱን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የእኛን ሰዎች ምስል በክንዱ ታክኮ ማለፉ ነው።

ከዚያ ከትልቁ ቤተክርስቲያን ጀርባ፣ በቫቲካን ግንብ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ጥንታዊ ቤተክርስቲያን አለች። ጣሊያኖቹ «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ» ይሏታል፤ የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው። ጳጳሱ ሲክስቶስ 4ኛ በ1479 አሳድሰው ከኢትዮጵያ ለሚመጡ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ እንድትሆን የሰጧት ናት። በቫቲካን ውስጥ እስከ ዛሬ ከቆሙት አብያተ ክርስቲያናት እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዷ ናት። የድሮው ትልቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ሕንፃ ፈርሶ ዛሬ የምናየው አዲሱ መሠራት የጀመረው በ1506 ነው። ስለዚህ አስቡት፤ ያ ዓለም የሚያደንቀው ጉልላት ከመነሣቱ በፊት የእኛ ሰዎች እዚያው ግቢ ውስጥ ሰዓታት ይቆሙ ነበር ማለት ነው።

ቤተክርስቲያኗ ግንቡ ውስጥ ስለሆነች እንደ ሌላው የሮም ቤተክርስቲያን ዝም ብሎ አይገባባትም። እኛ ያየናት ቀድመን በቆረጥነው የአትክልት ስፍራ ጉብኝት ቅዳሜ ጠዋት ነው። አስጎብኚያችን ምንጩንም፣ ሐውልቱንም፣ ዛፉንም በደንብ አስረዳችን። እኛ ሰፈር ስንደርስ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራ አለፈች፤ «ይህ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ነው» ብላ። አዎ፣ ኮሌጅም አለን። በ1919 በቤኔዲክቶስ 15ኛ ጊዜ የተመሠረተ፣ በኋላ ፒዮስ 11ኛ በአትክልቱ ውስጥ ሕንፃ ያሠሩለት የካህናት ማሠልጠኛ ነው። በቫቲካን ግንብ ውስጥ ያለ ብቸኛው የዚህ ዓይነት ኮሌጅ ነው።

ባለቤቴ ቡድኑ ሲያልፍ አላለፈችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ አማትባ፣ አቡነ ዘበሰማያትን እስክትጨርስ ቆመች። አስጎብኚዋ ተመልሳ መጣች። ባለቤቴም በዚያች በምታውቃት እንግሊዝኛ «የእኔ አገር መነኩሴ እዚህ ተቀብሯል፤ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው» አለቻት። ከቡድኑ ውስጥ የነበሩ ባልና ሚስት ጀርመኖች ስሙን እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቋት። ስልካቸው ላይ ጻፈችላቸው። ተስፋ ጽዮን።

ተስፋ ጽዮን ማነው?

የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ መሣሪያ የታተመው የት ይመስላችኋል? ሮም ነው። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን በእነዚህ መነኮሳት ጸሎት ጆሮው ተሳበና ቋንቋውን ሊማር ተጠጋቸው። አባ ቶማስ የሚባል የእኛ መነኩሴ አስተማረው። በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። የሚያስቀው ነገር ሰውየው ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ ነው የጠራው። ስሙን ሳይጠይቅ ፊደሉን ተማረ! ቢሆንም መጽሐፉ መጽሐፍ ነው። አገራችን ማተሚያ መሣሪያ ከማየቷ ከ300 ዓመት በላይ በፊት የሆነ ነገር ነው።

ተስፋ ጽዮን ከዚያ በኋላ መጣ። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነው። ገዳሙ በኢማም አሕመድ (ግራኝ) ጦርነት ጊዜ በ1531 ተቃጥሏል። አገር በእሳት ላይ ነበረች፤ በየገዳሙ ስንት ዘመን የተጻፈ ብራና አመድ ሆነ። ተስፋ ጽዮን በኢየሩሳሌም በኩል አድርጎ፣ በ1530ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሮም ገባ። ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ የሚባሉ ሁለት ወንድሞች መነኮሳት አብረውት ነበሩ። ብራና ይዘዋል።

እንግዲህ ስደተኛ ነው። አገሩ ተቃጥሏል፣ ገዳሙ ፈርሷል፣ ቋንቋው በማይሰማበት ከተማ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ያደርጋል? እሱ ያደረገው አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተም ነው። ሥራው በ1548 ተጀምሮ በ1549 አለቀ። ነገሩን ከባድ ያደረገው ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ግዕዝ አያነቡም፤ መነኮሳቱ ደግሞ ማተም አያውቁም። ፊደል የሚደረድረው ሰው «ሀ»ን ከ«ሐ» ቀርቶ ላዩን ከታቹ የማይለይ ነው። ተስፋ ጽዮን ራሱ ለአንባቢው በጻፈው ማስታወሻ ይህንን ገልጾ፣ ለስህተቱ ይቅርታ ጠይቋል።

ለምን ግን እንዲህ ለፋ? እኔ የሚመስለኝ ቀላል ነው። ብራና በእሳት እንደሚያልቅ በዓይኑ አይቷል። መጽሐፍ በብዙ ቅጂ ሲሆን ግን አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። ያ መጽሐፍ ዛሬም በታላላቅ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት አለ። የሮም ሊቃውንትም ስለ ኢትዮጵያ ሲፈልጉ የሚጠይቁት እሱን ነበር፤ ጳጳሱ ጳውሎስ 3ኛ ዘንድ ሳይቀር የተከበረ ሰው ነበር። አገሩ ሳይመለስ፣ ከሮም ወጣ ብላ ባለችው ቲቮሊ በ1550 ግድም ሞተ። የተቀበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ ነው፤ ስሙ በድንጋይ ላይ ተጽፎለታል።

ከመቶ ዓመት በኋላ በ1649 ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ የ25 ዓመት ጀርመናዊ ወደ ሮም ይመጣል። ግዕዝን ከመጽሐፍ ብቻ ለቃቅሞ የተማረ፣ አንድም ቀን ሲነገር ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው። ቅዱስ እስጢፋኖስ ሄዶ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ፤ የቤተ አምሐራ፣ የመካነ ሥላሴ ሰው ነው። ሁለቱ የሚግባቡበት ሌላ ቋንቋ ስላልነበራቸው መጀመሪያ የተነጋገሩት በግዕዝ ነው ይባላል። ከዚያ ወዳጅነቱ ጠና። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ እስከ ጀርመን፣ ጎታ ከተማ ድረስ ተጋብዞ ሄደ። ስለ አገሩ ሕግ፣ ስለ ንጉሡ፣ ስለ እርሻው፣ ስለ እንስሳው ሉዶልፍ እየጠየቀ እሱ መለሰ። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከዚያ ጭውውት የወጡ ናቸው። አውሮፓ ዛሬ «የኢትዮጵያ ጥናት» ብሎ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ነገር አባቱ ሉዶልፍ ነው ይባላል። እኔ ደግሞ መምህሩ አባ ጎርጎርዮስ ነው እላለሁ። ምስኪኑ አባ በ1658 ወደ አገሩ ለመመለስ ሲሞክር መርከቡ እስክንድሮና አካባቢ ሰጥማ ሞተ።

እና ወዳጆቼ፣ ባልና ሚስት ሆነን ሮምን ስናይ በኩራት አንገታችን ቀና ያለው ቫቲካን ጓሮ ነው። ሮም እኛን ያወቀችው መጀመሪያ በመምህርነት ነው።

ግንቦት 1929 ዓ.ም.

አሁን የሚያመውን ልንገራችሁ። አያችሁ፣ ሁለቱን ታሪኮች ለየብቻ ብናውቃቸው ምንም አይሉንም። አንድ ላይ ስናደርጋቸው ነው የሚያንገበግቡት።

አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ለሦስት ቀን የሆነውን ታውቃላችሁ፤ የስድስት ኪሎው ሐውልት ምስክር ነው። በእኛ መንግሥት ቁጥር 30,000 ሰው አልቋል። ያ አልበቃም። ግራዚያኒ ደብረ ሊባኖስ በሴራው አለበት ብሎ ወሰነ። ሁለቱ ወጣቶች በዚያ በኩል አልፈዋል የሚል ነው ምክንያቱ። ለጄኔራል ማሌቲ መነኮሳቱን ሳይለይ እንዲረሽን በቴሌግራም አዘዘ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት በግንቦት 12 ሰሞን፣ ምእመኑ ለበዓል በተሰበሰበበት ገዳሙ ተከበበ። መነኮሳቱን በካሚዮን ወደ ላጋ ወልዴ ወስደው ገደል አፋፍ ላይ በመትረየስ ፈጇቸው። ዲያቆናቱን ደግሞ ደብረ ብርሃን አካባቢ እንግጫ ወስደው ገደሏቸው።

ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም በላከው ሪፖርት 297 መነኮሳትና 129 ዲያቆናት መገደላቸውን አስፍሯል። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የዓይን ምስክሮችን ፈልገው ለዓመታት ባደረጉት ጥናት ግን የሟቾቹ ቁጥር ከ1,400 በላይ፣ ምናልባትም እስከ 2,000 ይደርሳል።

አሁን ቀኑን አስሉት። ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ ልጅ ሆኖ ለሮም መጽሐፉን ጨርሶ የሰጠው በ1549። የሮም ጄኔራል የደብረ ሊባኖስን ልጆች የፈጀው በ1937። መካከሉ 388 ዓመት ነው። ቴሌግራሙ የደረሰበት ከተማ ውስጥ ያኔም የዚያ ገዳም መነኩሴ መቃብር ነበር፤ ያኔም ድንጋዩ ላይ ስሙ ተጽፏል። ከገዳዮቹ ስንቱ ያንን ያውቅ ነበር? አንድም አይመስለኝም። ሥልጣኔ ላምጣላችሁ ብሎ የመጣው ሰው፣ የማተሚያ ፊደል ከእነሱ የተማረባቸውን ሰዎች ልጆች «ያልሠለጠኑ» ብሎ ነው የረሸነው።

ግራዚያኒ ለዚህ አልተጠየቀም። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ የፈረደበት ከናዚ ጋር በመተባበሩ ነው፤ 19 ዓመት ተፈርዶበት ወራት ሳይቆይ ወጣ፤ በ1955 አልጋው ላይ ሞተ። በ2012 ደግሞ ከሮም በስተምሥራቅ በምትገኘው አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት። ባለቤቴን «አያትሽ ይሄን ባይሰሙ ጥሩ ነው» አልኳት። «ሰምተውታል» አለችኝ፤ «ፓስታ ያላስገቡት ለምን ይመስልሃል?»

ከተማዋ ላይ የተበተነው ዕቃችን

ያረፍንበት ሆቴል ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ሐበሻ ምግብ ቤቱም እዚያው አለ፤ ሽሮ በልተናል፣ ከቦሌው ብዙ አይተናነስም። ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ስሙ «ፒያሳ ዴይ ቺንኰቼንቶ» ነው፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። የየትኞቹ አምስት መቶ? ራስ አሉላ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው! ሮም የሚገባ ሐበሻ ሁሉ ከባቡር ወርዶ የሚረግጠው የአሉላን ድል ነው፤ አብዛኛው አያውቀውም። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ለእነሱ መታሰቢያ የቆመ የግብፅ ሐውልት አለ። ለገሀር የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ዘርፈው በ1937 ያስቀመጡት እዚህ ሐውልት ሥር ነበር።

በሰኔ 1938 ዘርዓይ ደረስ የሚባል ኤርትራዊ ወጣት አንበሳው ፊት ተንበርክኮ ሲጸልይ ሊያስነሱት መጡ፤ ጎራዴውን መዘዘ። ስንት ገደለ፣ ስንት አቆሰለ የሚለው በየዘመኑ በየመልኩ ተነግሯል። የማያከራክረው ዘርዓይ አገሩ ሳይመለስ በ1945 ሲሲሊ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ መሞቱ ነው። አንበሳው ግን በ1960ዎቹ ለገሀር ተመለሰ። በዚያ የምታልፉ ልጆች ቀና ብላችሁ እዩት፤ ሮም ደርሶ የመጣ አንበሳ ነው።

አንድ ደግሞ የቃል ነገር ልጨምር። እኛ ከጣሊያን ብዙ ቃል ወስደናል። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ላቫጆ፤ ጋራዥ የገባ ሰው ጣሊያንኛ ሳያውቅ ጣሊያንኛ ይናገራል። ፒያሳውም፣ ካዛንቺሱም፣ ፖፖላሬውም ከእነሱ ነው። እነሱ ከእኛ ምን ወሰዱ? «አምባራዳን» የሚል ቃል አላቸው። ትርምስ፣ ዝብርቅርቅ ማለት ነው። ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከአምባ አራዶም። በየካቲት 1936 የራስ ሙሉጌታ ጦር በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ ያለቀበት ተራራ። ሮም ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራ መንገድም አለ። አባቶቻችን የሞቱበት ቦታ እዚያ ቤቱን ያላጸዳ ልጅ የሚቆጡበት ቃል ሆኗል። ቃሉን የሚናገሩት ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፤ ከየት እንደመጣ ማንም ስላልነገራቸው ነው።

እሁድ፦ የአበበ መንገድ

እሁድ ጠዋት ፖርታ ካፔና ሄድን። የአክሱም ሐውልት ለ66 ዓመት የቆመበት ቦታ ነው። 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ግድም ክብደት ያለውን ድንጋይ በ1937 ከአክሱም አንስተው፣ በምጽዋ አድርገው በመርከብ ወስደው፣ በጥቅምት መጨረሻ ሙሶሊኒ ሮም የገባበት በዓል ሲከበር አቆሙት። ከጀርባው ያለው ሕንፃ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር እንዲሆን የታሰበ ነው፤ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ፈረመች። 18 ወሩ ግን ከ50 ዓመት በላይ ፈጀ። በ2002 መብረቅ መታው። በ2003 ተነቀለ፤ በሚያዝያ 2005 በሦስት ተከፍሎ በሦስት በረራ አክሱም ገባ፤ በመስከረም 2008 በቦታው ቆመ። ዛሬ ሮም ላይ እሱ በነበረበት አደባባይ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ቆመዋል፤ በአሜሪካ በመስከረም 11 ለሞቱት መታሰቢያ።

ግን ሐውልቱ እዚያ ቆሞ ሳለ አንድ ማታ አንድ ነገር አይቷል። መስከረም 10 ቀን 1960፤ በእኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ትከሻ ለትከሻ እየሮጠ በዚያ በኩል መጣ። መንገዱ ጨልሟል፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበራሉ። አበበ ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው እዚያ፣ ሐውልቱ አጠገብ ነው። ከዚያ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። በ25 ሰከንድ ነው የቀደመው፤ እስከዚያ ቀን ማንም ማራቶንን በዚያ ሰዓት ሮጦ አያውቅም።

እኔና ባለቤቴ ከፖርታ ካፔና እስከ ቅስቱ በእግራችን ሄድነው። አስር ደቂቃ ግድም ነው። ቅስቱ ጋ ደርሰን አረፍ እንዳልን ባለቤቴ አንድ ነገር አለች። «ሁሉም የሮም ሐውልት የተሠራው ከሰው አገር ድል አድርገው ሲመለሱ ነው። የእኛዎቹ ግን አንዱ መጽሐፍ አሳትሞ፣ አንዱ ቋንቋ አስተምሮ፣ አንዱ ሮጦ ነው ስማቸውን እዚህ የተዉት።» የታሪክ አስተማሪው እኔ ነኝ፤ ይህን ያለችው ግን እሷ ናት።

እና ምን ላድርግ ትሉኛላችሁ?

ሮም የምትሄዱ ብዙ ናችሁ፤ ለሥራም፣ ለሠርግም፣ ለትራንዚትም። ሁለት ቀን ካላችሁ ኮሎሲየሙን እዩ፤ ድንቅ ነው፤ ማንም አይከለክላችሁም። ግን የፊላሬቴን በር ሳታዩ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለችውን ቤት ሳትሳለሙ፣ ከፖርታ ካፔና እስከ ቅስቱ ያለውን መንገድ ሳትሄዱ አትመለሱ። የአትክልት ስፍራው ቲኬት ቀድሞ ያልቃል፤ እሁድም ዝግ ነው፤ ለቅዳሜ አስቀድማችሁ ያዙ። ሌላው ሁሉ በነፃ ነው።

ከሮም በፊት ደግሞ ደብረ ሊባኖስ ሂዱ። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ጠዋት ከመገናኛ የወጣ ሰው ማታ ቤቱ ይገባል። ፓስፖርት አይጠይቅም፣ ቪዛ የለውም። ከክፍሌ ካለፉት ልጆች ቬኒስን አይተው ደብረ ሊባኖስን ያላዩ አውቃለሁ፤ ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቁታላችሁ።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥብኛል። የተስፋ ጽዮን ስም ሮም ውስጥ በድንጋይ ላይ ተጽፎ 450 ዓመት አልፎታል። የአያቷ ወንድም፣ የዚያው ገዳም ዲያቆን፣ ስሙ ግን በየትም መዝገብ የለም። ግራዚያኒ ሪፖርት ላይ ከ129 ውስጥ አንድ ቁጥር ነው። ባለቤቴ እንደተመለስን ሰላሌ ደውላ በሕይወት ያሉትን ትልቅ አክስቷን የዲያቆኑን ሙሉ ስም፣ የአባቱን ስም፣ የትውልድ መንደሩን፣ ማን እንዳስተማረው ጠየቀች። አክስቷ የሚያስታውሱትን ሁሉ ነገሯት፤ አንድ ገጽ ሞላ። አሁን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ነው፤ ቅጂውንም ለልጆቻችን ሰጥታለች። ተስፋ ጽዮን የሚያውቀው ነገር ይሄ ነበር፤ አንዱ ቅጂ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

እናንተም ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ስም አለ። በየካቲት 12 የቀረ፣ ማይጨው የቀረ፣ አሲናራ ደሴት ታስሮ የሞተ፣ አምባ አራዶም የወደቀ። የሚያውቁት ሽማግሌ ዛሬ ካልተጠየቁ ከርሞ ላይኖሩ ይችላሉ። ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ለአንድ ሰው ደውሉ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ መንደሩን ጻፉ። ሁለት ቦታ አስቀምጡት።

ከፈቀዳችሁ እዚህ ሥርም ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ አነባለሁ። መልካም ሰንበት።